ሰውነቴ ቀጭን፣ ምግቤ ልከኛ፤ ኮሌስትሮሌ ግን ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ68 ዓመት ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ። በየቀኑ ቢያንስ 40 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ቅባት የበዛበት ነገር ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም፤ ስኳርም ግፊትም የለብኝም። ባለፈው ምርመራ ግን መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ 174 ሆኖ ተገኘ። በ45 ዓመቴ 122 ነበር። የሚገርመኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያገኘውን ይበላል፣ እንቅስቃሴ የሚባል አያውቅም፤ የእሱ 98 ነው። አሁን በኔ መሳቅ ሆኗል ሥራው። አባታችን በ52 ዓመቱ ደረቱን ይዞ እንደወደቀ አልተነሳም። ሐኪሜ አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ሦስት ሳምንት ወስጄ እግሬን ሲቆረጥመኝ ተውኩት። በዚህ ላይ በዓይኔ ጥቁሩ ክፍል ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት አይቻለሁ። ነገሩ የዘር ነው? ከሆነስ እስካሁን የት ተደብቆ ቆየ? የጂን ምርመራ ላድርግ? በዚህ ዕድሜ መድኃኒት መጀመርስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ ውድ ጠያቂ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ጥያቄዎቹ ሳልገባ አንድ ነገር ልበልዎ፦ ምንም አላጠፉም። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሰዎች የላብራቶሪ ወረቀታቸውን እንደ ፍርድ ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። ገና ሳይቀመጡ «ምን በልቼ ነው?» ይሉኛል። ይህ ጸጸት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቦታው አይደለም።

በሰውነታችን ውስጥ ያለው አብዛኛው ኮሌስትሮል ከምግብ የመጣ አይደለም። ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራው፤ ጉበት ደግሞ ዋናው አምራች ነው። ያለ ኮሌስትሮል የሕዋስ ግድግዳ አይቆምም፣ አንዳንድ ሆርሞኖችም አይሠሩም። ስለዚህ ሰውነት ምግብን ጠብቆ አይቀመጥም። ኤልዲኤል ይህን ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞር ቅንጣት ነው። ጉበት ደግሞ የተረፈውን ቅንጣት ከደም መልሶ ይለቅማል። ወረቀትዎ ላይ ያለው ቁጥር የሚገባው ስንት ነው፣ የሚለቀመውስ ስንት ነው የሚለው ሚዛን ነው። የሰው ልጆች ልዩነት በአብዛኛው የሚታየው በመልቀሙ በኩል ነው።

ጉበት ለመልቀም የሚጠቀምባቸው ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉት። ለእኔ እንደ እጅ ናቸው። አንዱ እጅ ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ አንድ ቅንጣት ይይዛል፣ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያ እንደገና ይዘረጋል። አንድ ዙር 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይህን ያገኙት ማይክል ብራውን እና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። መነሻቸው ገና በልጅነታቸው የልብ ደም ቧንቧቸው ይዘጋባቸው የነበሩ ሕፃናት ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከእናትም ከአባትም የተበላሸ የተቀባይ ጂን የወረሱ ናቸው፤ የሚለቅም እጅ የላቸውም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሐኪሞች በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ዘር እዚህ ጋ ነው የሚገባው። አንድ ሰው ስንት እጅ አለው? እጆቹ ቅንጣቱን አጥብቀው ይይዛሉ? ስንት ጊዜ አገልግለው ይጣላሉ? እነዚህን ሁሉ የሚወስኑት ጂኖች ናቸው። ለምሳሌ ፒሲኤስኬ9 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው እጆቹን ጡረታ ማስወጣት ነው። ከተቀባዩ ጋር ይጣበቅና ወደ ማፍረሻ እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህ ፕሮቲን የሚበረታበት ሰው እጆቹ ቶሎ ያልቃሉ፣ ኤልዲኤሉም ይከማቻል። የሚደክምበት ሰው ደግሞ እጆቹ ረጅም ጊዜ ያገለግሉታል። ሌላው አፖኢ የሚባለው ጂን ነው፤ ሦስት ዓይነት መልክ አለው። ከመካከላቸው አፖኢ4ን የወረሱ ሰዎች ኤልዲኤላቸው በአማካይ ከፍ ይላል፤ አፖኢ2 ያላቸው ደግሞ በአማካይ ዝቅ ይላል።

እነዚህ ስም ያወጡት ናቸው። ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ የደም ቅባትን የሚነኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዘረመል ቦታዎችን አሳይቷል። እያንዳንዱ ቦታ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። አንዱ ሁለት ነጥብ ይጨምራል፣ ሌላው አንድ ይቀንሳል። ሲደመሩ ግን አንዱን ሰው 98 ላይ፣ እህቱን 174 ላይ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። በሰዎች መካከል ካለው የኤልዲኤል ልዩነት ግማሽ ያህሉ በዘር የሚገለጽ ነው።

ታዲያ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆናችሁ እንዴት ተለያያችሁ? ወንድምና እህት የሚጋሩት ዘረመል በአማካይ ግማሹን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ግማሽ ግማሹን ይወስዳል፤ የትኛውን ግማሽ እንደሚወስድ ግን ዕጣ ነው። በዚህ ዕጣ ወንድምዎ ቀንቶታል። እርስዎ ያለዚህ ጥንቃቄ ቢኖሩ ኖሮ ቁጥርዎ ከ174ም በላይ ሊሆን ይችል ነበር። በእግርዎ መሄድዎም ለግፊትዎ፣ ለስኳርዎ፣ ለጡንቻዎ ሠርቷል። ያ ድካም ከንቱ አልቀረም።

«እስካሁን የት ተደብቆ ቆየ?» ላሉት ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂን ከልደት እስከ ሞት አይለወጥም። የሚሠራበት ሰውነት ግን ይለወጣል። ሴት ልጅ የወር አበባ በምታይባቸው ዓመታት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የጉበትን እጆች ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ስታርጥ ይህ ድጋፍ ይቀራል። ለዚህ ነው በወጣትነት ከወንዶች ያነሰ ኤልዲኤል የነበራቸው ሴቶች ከ50ዎቹ ዕድሜ በኋላ ወንዶቹን የሚበልጡት። በዕድሜም ብዛት ጉበት የመልቀም ጉልበቱ ይቀንሳል። ቀድሞ ሆርሞኑ ይሸፍነው የነበረ የዘር ድክመት ያኔ ገሃድ ይወጣል። በ45 ዓመትዎ 122፣ ዛሬ 174 መሆኑ ከዚህ ታሪክ ጋር በደንብ ይገጥማል።

ያ የድሮ ወረቀት ሌላም ትልቅ ነገር ነገረኝ። እንኳን አልጣሉት! በዘር የሚመጣ ከባድ የኮሌስትሮል በሽታ አለ፤ ከ250 ሰዎች አንዱን ገደማ ይይዛል። በዚህ በሽታ ከእጆቹ ግማሽ ያህሉ ከልደት ጀምሮ አይሠሩም። ኤልዲኤል ብዙውን ጊዜ ከ190 በላይ ነው፣ ከልጅነት ጀምሮ ከፍ ብሎ ይኖራል፣ ለእያንዳንዱ ልጅም የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እርስዎ ይህ በሽታ ቢኖርብዎ ኖሮ በ45 ዓመትዎ ያለ መድኃኒት 122 አይገኝም ነበር። ስለዚህ የእርስዎ ነገር የአንድ ጂን ብልሽት አይመስለኝም። የብዙ ትናንሽ ጂኖች ድምርና ዕድሜ ነው የሚመስለኝ።

የዓይንዎ ቀለበትም ያስጨነቀዎት ይመስላል። ይህ በዓይን ጠርዝ ላይ የሚከማች ቅባት ነው። በ35 ወይም በ40 ዓመት ሰው ላይ ባየው ወዲያውኑ ደሙን አስመረምራለሁ። በ68 ዓመት ግን በጣም የተለመደ ነው፤ ኮሌስትሮላቸው ልክ የሆኑ ሰዎችም ይኖራቸዋል። እይታ አይጋርድም። ይተዉት።

የአባትዎን ነገር ግን አልተወውም። ወንድ በ52 ዓመቱ ደረቱን ይዞ ሲወድቅ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋትን እንጠረጥራለን፤ ከ55 በፊት መሆኑም የቤተሰብ አደጋ ምልክት ነው። ሲጋራ ያጨሱ ነበር? ግፊት ነበራቸው? ይህን የሚያስታውስ ዘመድ ካለ ይጠይቁ። ለዚህ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ እንዲለካ የምፈልገው ነገር ኤልፒ ትንሿ ኤ የሚባል ቅንጣት ነው። ኤልዲኤልን ይመስላል፤ ልዩነቱ ተጨማሪ ፕሮቲን መታጠቁ ነው። የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ የልብ በር ቫልቭንም ሊያደድር ይችላል። መጠኑ ከሞላ ጎደል በዘር ብቻ የሚወሰን ነው። ምግብም ስፖርትም እምብዛም አይነኩትም። ከአምስት ሰው አንዱ ከፍ ያለ ኤልፒ ትንሿ ኤ አለው። በተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ላይ ተለይቶ አይታይም፤ ለብቻው ካልታዘዘ ማንም አያውቀውም። ብዙም ስለማይለዋወጥ በዕድሜ አንድ ጊዜ መለካቱ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ፣ ወይም በሌላው መለኪያ ከ125 ናኖሞል በሊትር በላይ ከሆነ፣ ሐኪምዎ የኤልዲኤል ግብዎን ዝቅ እንዲያደርግ ምክንያት ይሆነዋል።

አሁን ወደ እግርዎ ቁርጥማት። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማሰብ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል። የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ተደርጎልዎት ያውቃል? ይህች አንገት ላይ ያለች ዕጢ ስትደክም የጉበት እጆች ቁጥር ይቀንሳል፤ ኤልዲኤልም ይወጣል። ዕጢዋ ስትደክም ደግሞ ጡንቻም ያማል፣ ይዝላል። በዚያ ላይ ስታቲን (አቶርቫስታቲን ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ) ሲጨመር የጡንቻ ሕመሙ ይብሳል። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የዕጢዋ መድከም በጣም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ምልክቶቹ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የቆዳ መድረቅ ናቸው፤ ሁሉንም «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። አንድ ቀላል የደም ምርመራ፣ ቲኤስኤች የሚባለው፣ ይህን ይለያል። ሁሉንም ነገር በዘር ከማላከካችን በፊት ይህ መታየት አለበት። የስኳርና የኩላሊት ምርመራም እንደዚሁ። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶች አሉ።

ዕጢዋ ደህና ከሆነችስ? ያኔም መድኃኒቱን ወንጅለን አንዘጋም። ስታቲን ወደ ጉበት የሚገባበትን በር የሚሠራ ኤስኤልሲኦ1ቢ1 የሚባል ጂን አለ። አንዳንድ ሰው የወረሰው በር ጠባብ ነው። መድኃኒቱ ጉበት ውስጥ በደንብ ስለማይገባ በደም ውስጥ ይበዛል፣ ጡንቻንም ይጎዳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍተኛ መጠን ያለው ሲምቫስታቲን የሚባል ሌላ ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ በግልጽ ታይቷል። በሌሎቹ ስታቲኖች ላይ ግን ተጽዕኖው ያነሰ ነው። እንግዲህ አንዱ ስታቲን ባይስማማዎ ሌላው ሊስማማዎ ይችላል።

ሌላም ልንገርዎ፤ እባክዎን ሕመምዎን እንዳቃለልኩ አይቁጠሩብኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። በጎን ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቋረጡ 60 ሰዎች ተሳተፉበት። በአንዳንዱ ወር ስታቲን፣ በአንዳንዱ ወር ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን፣ በአንዳንዱ ወር ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ተሰጣቸው። በሁለቱ ክኒኖች መካከል የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ባዶውን ክኒን ሲወስዱም ተሰማቸው። ሕመሙ እውነተኛ ነበር። ምንጩ ግን በአብዛኛው መድኃኒቱ ሳይሆን ስጋቱ ነበር። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ይህን ሲያዩ ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን መልሰው ጀመሩ።

የእርስዎ ቁርጥማት የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ለሐኪምዎ ግን የምጠቁመው አለኝ። በመጀመሪያ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይም ይለካ። ልክ ከሆነ፣ ቁርጥማቱም ከጠፋ፣ በዝቅተኛ መጠን እንደገና ይሞከር ወይም ዓይነቱ ይቀየር። ስታቲን አንድ ባሕርይ አለው፤ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ትንሹ መጠን ነው። መጠኑን እጥፍ ቢያደርጉት ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚወርደው። አቶርቫስታቲን በ10 ሚሊግራም ብቻ 174ን ወደ 110 አካባቢ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በእርስዎ ዕድሜ በትንሽ መጀመር አልሸሽም ዞር አልሁ አይደለም፤ በቂ ሕክምና ነው። ጭራሽ ካልተስማማዎ ኢዜቲሚብ አለ፤ አንጀት ኮሌስትሮል እንዳይመጥ የሚከለክል የተለየ መድኃኒት ነው፣ ከጡንቻ ጋር እምብዛም ጠብ የለውም። ይህን ሁሉ የምልዎት ግን ከሐኪምዎ ጋር እንዲነጋገሩበት እንጂ በራስዎ ጀምረው በራስዎ እንዲያቆሙ አይደለም። ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ጡንቻዎ በጣም ከደከመ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ።

የጂን ምርመራ ላድርግ ወይ ብለዋል። ለእርስዎ አልመክርም። ውጤቱ የምንሰጥዎትን መድኃኒት አይቀይረውም። በተለይ አፖኢን እንዲሁ ለማወቅ ብለው እንዳይመረመሩ እፈልጋለሁ። አፖኢ4 የኮሌስትሮል ብቻ ሳይሆን የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ዕድልንም ከፍ የሚያደርግ ነው። አንድ ሰው ስለ ልቡ ጠይቆ ስለ አእምሮው ያላሰበውን ዜና ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከባድ ነው። ያንን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቦበት፣ ምክር ተሰጥቶት መሆን አለበት።

መድኃኒት ለመጀመር ዘገየሁ ወይ ለሚለው፣ ከፒሲኤስኬ9 ጋር የተያያዘ አንድ ግኝት ላጫውትዎ። ይህ ጂን ከልደት ጀምሮ የተሰናከለባቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህን ያገኘው 2.6 በመቶ በሚሆኑት ጥቁር ተሳታፊዎቹ ላይ ነው። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያነሰ ነበር። በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን በ88 በመቶ አነሰ። እዩት እንግዲህ ልዩነቱን! ቁጥሩ በጣም ዝቅ አላለም፤ ዝቅ ብሎ የኖረው ግን ዕድሜ ልክ ነው። ደም ቧንቧን የሚጎዳው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የዓመታት ክምችት ነው።

ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው። እስከ 45 ዓመትዎ ቢያንስ መካከለኛ በሆነ ቁጥር ኖረዋል። ከፍ ያለው በኋላ ነው፤ ቧንቧዎ የተሸከመው ክምችት በልጅነቱ ከፍ ካለበት ሰው ያነሰ ነው። ወደፊት ደግሞ ብዙ ዓመት አለዎት፤ እነዚያ ዓመታት በ174 ይሁኑ ወይስ በ110? በ68 ዓመት ስታቲን እንደሚጠቅም በደንብ ተፈትኗል፤ ኤልዲኤል በ39 ነጥብ በወረደ ቁጥር የልብና የስትሮክ አደጋ በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ማስረጃው የሚሳሳው ከ75 ዓመት በኋላ፣ ያውም የልብ ሕመም ታይቶባቸው በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው። እርስዎ ገና እዚያ አልደረሱም። አሁንም ልብዎ ካመነታ የልብ ደም ቧንቧ የካልሲየም ስካን የሚባል ምርመራ አለ። ቧንቧው ላይ የደደረ ክምችት መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ምንም ከሌለ ተረጋግተው መወሰን ይችላሉ። ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ያበቃል።

በነገራችን ላይ በጣም አርጅተው ቁጥራቸው በራሱ የሚወርድ ሰዎች አሉ። ዘመድዎ ከ80 በላይ ሆኖ ያለ ሕክምና ኮሌስትሮሉ ቢወርድ፣ ክብደቱም አብሮ ቢቀንስ፣ እልል አይበሉ። የተደበቀ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

ልጆች ካሉዎት ይንገሯቸው። ዕድሜያቸው 30ም ይሁን 40፣ ኤልዲኤላቸውንና ኤልፒ ትንሿ ኤን አንድ ጊዜ ይለኩ። እርስዎ በ68 ያወቁትን እነሱ ገና በወጣትነታቸው ቢያውቁት፣ ያ ክምችት ሳይጀምር ሊቆም ይችላል። ሴት ልጆችዎ በተለይ፣ ዛሬ ልክ የሆነ ቁጥር ካረጡ በኋላ ሊለወጥ እንደሚችል ይወቁ፤ ያኔ እንደገና ይለኩት።

ወንድምዎንም አይርሱ። 98 ጥሩ ቁጥር ነው። ነገር ግን ኤልዲኤሉ ልክ የሆነ ሰው ኤልፒ ትንሿ ኤው ከፍ ሊል ይችላል፤ አባታችሁ ደግሞ የእሱም አባት ናቸው። በሚቀጥለው ሲስቅብዎት አይቀየሙት። እጁን ይዘው አብረው ወደ ላብራቶሪ ይሂዱ።